ትንሹ ትልቁን ሲጥል፦ ጌሊክ ፉትቦልን ከአዲስ አበባ መሃል ሆኖ እንዴት መከታተል ይቻላል

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ይጠፋል። የእንግሊዝ ሊግ ግንቦት ላይ ተዘግቷል። የዓለም ዋንጫ ወይም የአውሮፓ ዋንጫ ከሌለ ቲፎዞው የዝውውር ወሬ እየሰማ ነሐሴን ይጠብቃል፤ ሜክሲኮም ሂዱ ስታዲየም ዙሪያ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያለፈ ጨዋታ ድጋሚ ነው። ልክ በዚህ ጊዜ ግን አየርላንድ ውስጥ አንድ ሻምፒዮና ይጦፋል። ጌሊክ ፉትቦል ይባላል። ፍጻሜው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሐምሌ ገብርኤል ዙሪያ በሚውል እሁድ ነው የሚደረገው፣ ደብሊን ባለው ክሮክ ፓርክ፣ ከ82 ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም።

ይህን የምጽፈው ኳስ ለሚወድ ሰው ነው፣ በተለይ ደግሞ ትንሹ ቡድን ትልቁን ሲጥለው ከወንበሩ ተፈናጥሮ ለሚነሳ። ጌሊክ ፉትቦል የዚህ ዓይነት ቀን ሞልቶታል። ግን ዝም ብሎ ከፍቶ ያየ ሰው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ጨዋታው ያልቅበታል። ሰው ያለቅሳል፣ ሽማግሌ ከሽማግሌ ይተቃቀፋል፣ ልጅ አባቱ ትከሻ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፣ እናንተ ደግሞ "ምን ሆነው ነው?" እያላችሁ ታያላችሁ። ቀድሞ መዘጋጀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለት ነገር ካወቃችሁ ይበቃል፦ ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠርና አሸናፊው ስንት ዓመት እንደጠበቀ። ሌላው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

መቁጠር ልመዱ

ስክሪኑ ላይ 1-15 እና 0-17 የሚል ውጤት ብታዩ የሚመራው ማነው? ብዙ ሰው 17 ያለው ይላል። የሚመራው ግን ሌላኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎሉ ምሰሶዎች ከአግዳሚው በላይ ረዝመው ስለሚወጡ የእንግሊዝኛውን ትልቁን ኤች ይመስላሉ። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ነው፣ 3 ነጥብ ይቆጠራል። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ካለፈች 1 ነጥብ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ታስገኛለች። ውጤቱ ሲጻፍ በግራ በኩል ጎሉ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል ነጥቡ። ስለዚህ ግራውን በሦስት አባዙና ቀኙን ደምሩበት። 1-15 ማለት 18 ነው። 0-17 ደግሞ ያው 17። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፣ ግን ይህች አንድ ነጥብ ምን እንዳደረገች ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ስለ ቀሪው ሕግ ብዙ አትጨነቁ። በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ጨዋታው በሁለት 35 ደቂቃ ይከፈላል። ኳሷን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፣ ግን ከአራት እርምጃ በላይ ይዞ መሮጥ አይቻልም፤ ወይ መሬት ላይ ማንጠር ወይ በእግር ጫፍ ወደ እጅ መልሶ መምታት ያስፈልጋል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ማንጠር አይቻልም። ለጓደኛ ሲያቀብሉ በእግር ወይም በእጅ መትተው ነው እንጂ መወርወር ክልክል ነው። አንድ ግማሽ ሰዓት ካያችሁ ዓይናችሁ ይለምደዋል።

የመጀመሪያ ጊዜ ስታዩ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ልጅነት አይምሰላችሁ። ጎል ሲገባ 3፣ ነጥብ ሲገባ 1 ወይም 2 እያላችሁ ስትጽፉ ጨዋታው እንዴት እንደሚተነፍስ ይገባችኋል። በእኛ ኳስ 2 ለ 0 እየመራ አምስት ደቂቃ የቀረው ቡድን አረፍ ይላል። እዚህ በ2 ነጥብ የሚመራ ቡድን ግን ምንም አልያዘም፣ አንዲት ጎል ብቻ ትገለብጠዋለች።

ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ?

ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ማኅበር በ1884 ተርለስ በምትባል ከተማ የተመሠረተ ነው። በአጭሩ ጂኤኤ ይሉታል። የአየርላንድ ደሴት 32 ካውንቲ አላት፣ ካውንቲ ማለት እንደ ድሮው የእኛ አውራጃ ብላችሁ ያዙት። ተጫዋቹ ለተወለደበት ወይም ለሚኖርበት ካውንቲ ነው የሚሰለፈው። የዝውውር ገበያ የለም። ደመወዝም የለም። ክሮክ ፓርክ ላይ እሁድ ያያችሁት አጥቂ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ልጆች ያስተምራል፣ ወይም እርሻው ላይ ነው፣ ወይም ቢሮ።

ይህን በደንብ ያዙት፣ ምክንያቱም ደጋፊው ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የሚያስረዳው ይህ ነው። እኛ አርሰናልን ወይም ማንችስተርን መርጠን ነው የደገፍነው፣ ከተጫዋቾቹ አንዱንም በአካል አናውቅም። እነሱ ግን የሚጮሁት ለጎረቤት ልጅ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው ልጅ እናት ሁለት ወንበር አለፍ ብላ ተቀምጣለች። ትሰድባለህ ብትባልስ ምን አፍ አለህ?

አሁን ስለ ካውንቲዎቹ ጉልበት። ኬሪ 39 ጊዜ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል፣ የመጨረሻው በ2025። ደብሊን 31 ጊዜ። ደብሊን ከ2015 እስከ 2020 ስድስቱንም ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል፣ በራሱ ክፍለ ሀገር በሌይንስተር ደግሞ ከ2011 እስከ 2024 ለ14 ዓመት የቀመሰው የለም። ከእነዚህ ሁለቱ በታች ያለው ብዙው ተርቦ ነው የሚኖረው። ኦፋሊ 3 ዋንጫ አለው። ላውዝ 3፣ የመጨረሻው በ1957። ሜዮ 3፣ የመጨረሻው በ1951። ክሌር 1 ብቻ፣ እሱም በ1917።

ሻምፒዮናው መጀመሪያ በአራቱ ክፍለ ሀገሮች፣ ማለትም በአልስተር፣ በመንስተር፣ በሌይንስተርና በኮናክት ይካሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሀገር አቀፉ ያልፋል። ያልተጠበቀ ውጤት የምትፈልጉ ከሆነ ሐምሌን ብቻ አትጠብቁ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ የክፍለ ሀገሮቹን ጨዋታ ተከታተሉ። ትንንሾቹ ጉድ የሚያፈሉት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ቡድን ምረጡ፣ ግን የተራበውን

እዚያ የተወለደ ሰው ምርጫ የለውም። እኛ አለን። ምክሬ ኬሪንና ደብሊንን ተዉአቸው የሚል ነው፣ እነሱ ደጋፊ አይቸግራቸውም። ብዙ የጠበቀ ካውንቲ ያዙ።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ሜዮን ነው። በምዕራብ በኩል ያለ ካውንቲ ነው። ከ1951 ወዲህ ፍጻሜ ላይ ስንት ጊዜ ደርሶ እንደተመለሰ ብትሰሙ ልባችሁ ይነካል፤ 1989፣ 1996፣ 1997፣ 2004፣ 2006፣ 2012፣ 2013፣ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2021። በሁሉም ተሸንፏል። እዚያ አገር የሚነገር አንድ ተረት አለ። የ1951 ቡድን ዋንጫውን ይዞ እየጨፈረ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፎክስፎርድ በምትባል ከተማ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ደረሰ። ወርዶ አክብሮት ሳያሳይ አለፈ። ቄሱም ተናደው የዚያ ቡድን ተጫዋቾች ሁሉ እስኪሞቱ ሜዮ ዋንጫ አይንካ ብለው ረገሙ ይባላል። ተረት ነው፣ ማስረጃ የለውም። ግን ለቅሶ ድንኳን አጠገብ ሲያልፍ የመኪናውን ሙዚቃ የሚዘጋ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ታሪክ ለምን እንደቆየ ወዲያው ይገባዋል። የዚያ ቡድን የመጨረሻው በሕይወት ያለ ተጫዋች በ2021 አረፈ። እስከ 2025 ድረስም ዋንጫው አልመጣም።

በዚያው 2021 ነሐሴ ላይ ሜዮ በግማሽ ፍጻሜ ደብሊንን በጭማሪ ሰዓት 0-17 ለ 0-14 አሸንፎ ስድስት ዓመት የነገሠውን ቡድን አውርዶታል። የሜዮ ሰው ያን ቀን የሆነውን ሲያወራ ደስታውና ፍርሃቱ አብረው ነው የሚወጡት፣ ምክንያቱም ፍጻሜ ይቀራል። ፍጻሜውን ለታይሮን ተሸነፉ።

ይህን ጥበቃ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የነበረ ሰው ያውቀዋል። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ተመልሰን፣ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን ነው። ያን ምሽት ከተማው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ አልችልም። የማያውቁት ሰው አቅፎ ያለቀሰ ስንት ነው! ያን ስሜት ይዛችሁ ሂዱ። ሜዮ የሚጠብቀው ከ70 ዓመት በላይ ነው።

የት፣ ስንት ሰዓት?

ሰዓቱ ለእኛ ምቹ ነው። በበጋቸው አየርላንድ ከእኛ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የ2024ቱና የ2025ቱ ፍጻሜዎች በእነሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተጀመሩት፣ በእኛ 11 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ከሰዓቱ ዝናብ ጋብ ሲል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ያልቃል፣ ታክሲም ታገኛላችሁ።

ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ቻናሉን ለምኑ አልላችሁም፣ አይመጣም። ማኅበሩ ለውጭ አገር ተመልካች ጂኤኤ ፕላስ የሚባል የራሱ የኢንተርኔት ስርጭት አለው። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፣ ስለዚህ ከመካከላችሁ እንደዚህ ያለ ካርድ ያለውን ሰው ፈልጉና ተዋጡ። ካልሆነ የማኅበሩ ዩትዩብ ላይ ዋና ዋና ክፍሎቹ በነጻ ይወጣሉ። ለጀማሪ እሱም በቂ ነው፣ የድሮ ታላላቅ ጨዋታዎችም እዚያው ይገኛሉ።

ቤት ውስጥ ለብቻ አትዩት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ላፕቶፕና ኤችዲኤምአይ ገመድ ይዛችሁ ወደምታውቁት ቤት ሂዱ። ብዙዎቹ የድሮ የፒያሳና የካዛንቺስ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል፣ ግን አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮ፣ አምባሳደር አካባቢ፣ ስታዲየም ዙሪያ ስክሪን ያለው ካፌ አይጠፋም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ኳስ ስለሌለ ባለቤቱ አይጨክንባችሁም። ከሁለት ቀን በፊት ሂዱና በአክብሮት ጠይቁ፦ "ጋሼ፣ እሁድ 11 ተኩል ላይ አንዱን ስክሪን ለሁለት ሰዓት ይለቁልናል? ስምንት ሆነን እንመጣለን፣ ማኪያቶውንም እራቱንም እዚሁ ነው የምንጠቀመው።" ስንት ሰው እንደምትመጡ መንገር ይጠቅማል። ቤቱም ይዘጋጃል፣ እናንተም አትገፉም።

ኢንተርኔቱን በሁለት ስልክ አዘጋጁ። አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይተካል። ክረምት ነውና መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ፣ ስክሪኑ ቢጠፋ ራሱ ላፕቶፑ ላይ ተጠጋግቶ ማየት ይቻላል። ጀኔሬተር ያለው ቤት ካወቃችሁ ያንን አስቀድሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቲንግ አትቁረጡበት። ገንዘብ ያስያዘ ሰው የሚያየው ጨዋታውን አይደለም፣ ቲኬቱን ነው። የትንሹን ቡድን ድል ለመደሰት ልብ ነጻ መሆን አለበት።

የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እንዴት ማየት

ይህን ለማስረዳት ከ1982 ፍጻሜ የተሻለ የለም።

ኬሪ ከ1978 እስከ 1981 አራት ዋንጫ በተከታታይ ወስዶ ነበር። አምስት በተከታታይ ያሸነፈ ቡድን እስከዚያ ቀን አልነበረም። አሰልጣኙ ሚክ ኦድዋየር፣ ቡድኑ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ከታየው ሁሉ ምርጡ የሚለው። ተቃራኒው ኦፋሊ ነው፣ መሃል አገር ያለ፣ ባሕር የማይነካ ትንሽ ካውንቲ። በ1981 ፍጻሜ ላይ በዚሁ ኬሪ ተሸንፏል። ለአምስተኛው ዋንጫ ቲሸርት ታትሟል፣ ዘፈን ተቀርጿል። ቀኑ በፈረንጆቹ መስከረም 19 ነበር፣ ዝናብም ይጥላል።

በሁለተኛው አጋማሽ ኬሪ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። የኦፋሊው በረኛ ማርቲን ፈርሎንግ አዳነው። ቢሆንም ኬሪ መምራቱን አላቆመም፤ ሊያልቅ ሲል 0-17 ለ 0-15 ነበር። ሁለት ነጥብ። እዚህ ላይ ነው ወረቀታችሁን ማየት ያለባችሁ። ሁለት ነጥብ ከአንድ ጎል ያንሳል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ተቀይሮ የገባው ሼመስ ዳርቢ ረጅም ኳስ ተሻምታለት ያዘ፣ ዞረ፣ መታ። መረብ። 1-15 ለ 0-17። አለቀ።

ይህን ጨዋታ ዩትዩብ ላይ ስታዩ ጎሉን ደጋግማችሁ ለማየት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሰዉን እዩ። የኦፋሊ ደጋፊ ወዲያው አይጮህም፣ ለአፍታ ማመን ያቅተዋል። የኬሪ ደጋፊ ደግሞ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይቀራል። ድምፁ ከመፈንዳቱ በፊት ያለችው ያቺ ጊዜ ናት ዋናዋ። ዳርቢ ተከላካዩን ከጀርባ ገፍቶታል ወይስ አልገፋውም የሚለው ክርክር ከ40 ዓመት በኋላም አልቆመም፣ ኬሪ የገባ ሰው ዛሬም ይሰማዋል።

የተሸነፈውን ወገን ታሪክም ጨርሱት። ኬሪ ከዚያ ሽንፈት ተነስቶ 1984፣ 1985 እና 1986ን በተከታታይ አሸነፈ። የዋንጫ ቲሸርት ቀድሞ ማተም ምን እንደሚያስከትል ግን እዚያ አገር የማያውቅ ልጅ የለም።

ስለዚህ ትንሹ ቡድን ሲመራ ወይም ሲጠጋ ካያችሁ፣ ከ60ኛው ደቂቃ ጀምሮ ስልካችሁን አስቀምጡ። ቪዲዮ አትቅረጹ። ትልቁ ቡድን ኳስ ሲይዝ ሦስት ነጥብ ሊፈልግ ነው ወይስ አንድ አንድ እያለ ሊቀርብ ነው የሚለውን ተከታተሉ። መረጋጋት ያጣ ትልቅ ቡድን ጎል ይፈልጋል፣ ይቸኩላል፣ ኳስ ያጣል። አብሯችሁ ላለው አዲስ ሰው ውጤቱን ደምራችሁ በአማርኛ ንገሩት፣ "በሁለት ይመራሉ፣ አንድ ጎል ይገለብጣቸዋል" በሉት። የቤቱ ሰው ሁሉ ሲገባው ጩኸቱም ይጨምራል።

ሲያሸንፉ፣ ሲሸነፉ

እዚያ ስታዲየም ውስጥ የሁለቱ ቡድን ደጋፊ ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው። አጥር የለም፣ የተለየ በር የለም። አባት የአንዱን ማልያ፣ ሚስቱ የሌላውን ለብሳ ልጃቸውን መሃል አስቀምጠው ማየት የተለመደ ነው። እኛ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ እያልን ቦታ ለይተን አድገናል። ግን ኳስ ማሳያ ቤቶቻችን እንደእነሱ ናቸው። የአርሰናልና የቼልሲ ቲፎዞ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው። ይህን መልካም ልምዳችንን ይዘን እንግባ።

ትንሹ ቡድን ካሸነፈና እናንተ ከእሱ ጋር ከሆናችሁ፣ ጩኹ። እልል በሉ። ተቃቀፉ። ለዚህ ነው የመጣችሁት። በ1992 ክሌር ኬሪን በመንስተር ፍጻሜ 2-10 ለ 0-12 ሲያሸንፍ ክፍለ ሀገሩን ሳይወስድ 75 ዓመት ሞልቶት ነበር። የቴሌቪዥኑ ጨዋታ አስተላላፊ ማርቲ ሞሪሲ ያኔ ዛሬ ማታ ክሌር ውስጥ የሚታለብ ላም የለም ብሎ ተናገረ። ከብት ያለው ሰው ላሟን ሳያልብ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ያን ያህል ነው ደስታቸው።

የተሸነፈው ጓደኛችሁ ላይ ግን ሙድ አትያዙ፣ ቢያንስ በዚያው ማታ። አጠገቡ ተቀመጡ። ቢራም ቡናም እዘዙለት። "ጥሩ ተጫውተዋል" ማለት ካልቻላችሁ ዝም በሉ። አየርላንድ ውስጥ አሸናፊው ከሜዳ ሲወጣ የተሸናፊው ደጋፊ እጅ ሲጨብጠው ታያላችሁ፣ ይህ ለካሜራ የሚደረግ ነገር አይደለም፣ ነገ ሥራ ቦታ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው።

እናንተ የደገፋችሁት ቡድን ከተሸነፈ ከባዱ ነገር ዳኛው ነው። እዚህ ላይ የላውዝን ታሪክ ልንገራችሁ፣ ከሁሉ የምወደው ታሪክ ነው።

በ2010 ላውዝ ሚዝ ከሚባለው ካውንቲ ጋር የሌይንስተር ፍጻሜ ደረሰ። ላውዝ ሊያሸንፍ ሰከንዶች ቀርተውታል። ሚዝ በመጨረሻ ጎል አገባ፣ ግን ኳሷ መስመሩን ያለፈችው በእጅ ተይዛ ነው፣ ሕጉ የማይፈቅደው። ዳኛው አጸደቀው። 1-12 ለ 1-10 ሚዝ አሸነፈ። የተናደዱ ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው ዳኛውን አሳደዱት፣ ገፈተሩትም። ስህተቱ ግልጽ ነበር፣ ንዴቱም የሚገባ ነበር፣ ግን በማግስቱ አገሩ ያወራው ስለተቀማው ዋንጫ ብቻ አልነበረም፣ ስለተደበደበው ዳኛም ጭምር ነበር። የላውዝ ሰው በደሉን ለመናገር እንኳ መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። ሚዝ ጨዋታው ይደገም ብሎ አላቀረበም። ላውዝ ተጎድቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወደ 2025 እንምጣ። በሚያዝያ ሚዝ ያን 14 ዓመት ያልተነካ ደብሊንን በግማሽ ፍጻሜ 0-23 ለ 1-16 ጣለው። ደምሩት፣ 23 ለ 19። አገር ተገለበጠ፣ ሚዝ ተመለሰ ተባለ። ፍጻሜው ግን ከማን ጋር ነበር? ከላውዝ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ክሮክ ፓርክ፣ ያው ሁለቱ። ላውዝ 3-14 ለ 1-18 አሸነፈ፣ ማለትም 23 ለ 21። ከ1957 ወዲህ የመጀመሪያው የሌይንስተር ዋንጫ። በ2010 አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ያን ቀን 25 ዓመቱ ነበር፣ አባቱ አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ አስቡት። ይህን ሳያውቅ ያን ጨዋታ ያየ ሰው ያየው ሁለት ትንንሽ ካውንቲዎች ሲጫወቱ ብቻ ነው።

ታሪኩን ቀድማችሁ አንብቡ

ከጨዋታ በፊት አሥር ደቂቃ ለማንበብ መድቡ። ሁለቱ ቡድኖች ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተገናኙ፣ ትንሹ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ዋንጫ ነካ። አንዳንዴ ከስፖርት የሚያልፍ ነገር ታገኛላችሁ። ኅዳር 1920 የእንግሊዝ ኃይሎች ክሮክ ፓርክ ውስጥ ጨዋታ ሲያዩ በነበሩ ሰዎች ላይ ተኩሰው 14 ሰው ገድለዋል፣ ከሟቾቹ አንዱ የቲፐራሪ ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነው። ከስታዲየሙ መቀመጫዎች አንዱ ክፍል ዛሬ በስሙ ይጠራል። ስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ የሚያልፍ ሰው ይህ ዓይነት ስም ምን እንደሚሸከም ያውቃል። ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ በኅዳር 2020፣ ቲፐራሪ ከ1935 በኋላ የመጀመሪያውን የመንስተር ዋንጫ ወሰደ፣ በዚያው ቀን ካቫን ዶኔጋልን ጥሎ ከ1997 በኋላ አልስተርን ወሰደ። ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱት አራቱ ካውንቲዎች የ1920ዎቹ ራሳቸው ሆነው ተገኙ። በኮቪድ ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ነበር፣ ሰው ቤቱ ሆኖ ነው ያለቀሰው።

ስደት ላይ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የኒውዮርክን ታሪክ ፈልጉ። እዚያ ያሉ አየርላንዳውያን ቡድን ከ1999 ጀምሮ በኮናክት ሻምፒዮና ይሳተፋል፣ በተጫወተ ቁጥር ይሸነፍ ነበር። በ2023 ሚያዝያ ብሮንክስ በሚገኘው ሜዳቸው ሊትሪምን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፉ፣ በሻምፒዮናው ታሪካቸው የመጀመሪያ ድል። በሰሜን አሜሪካ የእኛ ሰዎች ከ1984 ጀምሮ የሚያደርጉትን የኳስ ውድድር የሚያውቅ፣ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ መሄድ ምን እንደሆነ ያውቃል።

በማግስቱ

አዲስ አበባ ውስጥ አይሪሾች አሉ፣ ኤምባሲው አለ፣ የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞች አሉ። ሥራ ቦታችሁ አንዱ ካለ ሰኞ ጠዋት ስለ ውጤቱ ቀድማችሁ አትናገሩ። መጀመሪያ "የየትኛው ካውንቲ ነህ?" ወይም "ነሽ?" በሉ። ከዚያ ጠብቁ። የኦፋሊ ሰው ከሆነ ስለ 1982 ጠይቁት፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ይነግራችኋል። የኬሪ ሰው ከሆነ ስለ ግፊያው ጠይቁ፣ እሱም ይነግራችኋል። የላውዝ ሰው ካጋጠማችሁ እንኳን ደስ አለህ በሉት፣ ገና አልጠገበውም። የሜዮ ሰው ከሆነ 1951ን እናንተ አታንሱ። እሱ ራሱ ያነሳዋል።